ሴክሽን 136፦ የእንግሊዝና የዌልስ ፖሊስ የአእምሮ ሕመምተኛን የሚይዝበት ሥልጣን

በእንግሊዝና በዌልስ ፖሊስ ምንም ወንጀል ያልሠራን ሰው ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ይዞ ለጤና ምርመራ መውሰድ ይችላል። ሥልጣኑ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው የአእምሮ ጤና ሕግ፣ በሴክሽን (በአንቀጽ) 136 ነው። በ1959 በወጣው ሕግም ነበረ። ሰውየው የአእምሮ ሕመም ያለበት ከመሰለና ለራሱ ወይም ለሌላ ሰው ሲባል አሁኑኑ እንክብካቤ ወይም ቁጥጥር ካስፈለገው ይያዛል።

መኖሪያ ቤት ውስጥ ግን አይሠራም። የግል ጓሮና ጋራዥም እንደ ቤት ይቆጠራሉ። ቤት ለመግባት ሴክሽን 135 አለ። እሱ የዳኛ ማዘዣ ይፈልጋል፤ ከፖሊስ ጋር ሐኪምና በሙያው የሠለጠነ ባለሙያ፣ ብዙ ጊዜ ሶሻል ወርከር፣ አብረው ይገባሉ። አንዳንድ ፖሊሶች «እስቲ ውጭ እናውራ» ብለው ሰውን ከደጃፍ ካወጡ በኋላ በ136 ይይዙታል የሚል የቆየ ወቀሳ አለ።

ትልቁ ጣጣ የሚወሰድበት ቦታ ነበር። ሆስፒታል አልጋ ሲጠፋ ሕመምተኛው የፖሊስ ጣቢያ ክፍል ውስጥ ያድር ነበር። በ2011/12 ብቻ ከ9,000 በላይ ሰዎች እንዲህ ሆነዋል። በ2013 ተቆጣጣሪዎች ይህን በሪፖርት አወጡ። በዚያው ዓመት የአእምሮ ጤና ነርስ ከፖሊስ ጋር በአንድ መኪና የምትወጣበት አሠራር በየቦታው ተሞከረ። ጎዳና ላይ ተረጋግታ የምታናግር ነርስ ስትኖር ብዙው ነገር ያለ እስር ያልቃል፤ የሙያው ሰዎች ይህን በኩራት ያወሩታል፣ ቢያወሩም አይፈረድባቸውም።

እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2017 ጀምሮ ሕጉ ጠበቀ። የማቆያው ጊዜ ከ72 ሰዓት ወደ 24 ወረደ፤ ሐኪም ቢበዛ 12 ሰዓት ይጨምራል። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጣቢያ አይገባም። ፖሊሱ ከተቻለ አስቀድሞ የጤና ባለሙያ ያማክራል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ሰውየው የሚቆይበት ቦታ ከደረሰ ጀምሮ ነው፤ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ፖሊስና ሕመምተኛ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲጠብቁ ማየት የተለመደ ነው።

ምርመራው ሲያልቅ ሰውየው ወይ ይለቀቃል፣ ወይ በፈቃዱ ሆስፒታል ይተኛል፣ ወይም ብዙ ጊዜ በዚሁ ሕግ ሴክሽን 2 ሆስፒታል ውስጥ እስከ 28 ቀን ይያዛል። መርማሪዎቹ ሰውየውን የሚያነጋግሩት ለእሱ በሚስማማ መንገድ መሆን አለበት። እንግሊዝኛ የማይችል አማርኛ ተናጋሪ አስተርጓሚ ይጠይቅ፤ ዘመድ ባያስተረጉም ይመረጣል።

ጥቁሮች ከነጮች በበለጠ መጠን በዚህ ሥልጣን መያዛቸው አያከራክርም። በምክንያቱ ላይ ግን ስምምነት የለም። ሌላው ሙግት በእንግሊዝ የሀምበርሳይድ አካባቢ ፖሊስ በ2020 የጀመረው አሠራር ነው፦ አደጋ ወይም ወንጀል ከሌለ ለፖሊስ የተደወለ የጤና ጥሪ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። የለንደን ፖሊስ በ2023 ተከተለው። ፖሊሶች ጊዜ ተረፈልን ይላሉ፤ የጤናው ወገን ደግሞ ክፍተቱን ማን ይሙላው ይላል፣ እውነትም አለው።

ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው ሕግ አላቸው።