«ሐዋሳ ሜዳ ናት፤ የሳይክል መንገድ ምን ያደርግላታል?»

እኔና ጥቂት ጓደኞቼ ሳይክል ነጂዎች ነን። የሰፈር ስብሰባ በተጠራ ቁጥር እጃችንን እያወጣን አንድ ነገር እንጠይቃለን፦ በሐዋሳ ዋና ዋና መንገዶች ዳር መኪና የማይቆምበት፣ ባጃጅ የማይገባበት የሳይክል መስመር። በቃ፣ ሌላ ጥያቄ የለንም። መልሱ ግን ብዙ ነው፤ ደግሞ ሁሌም ያው ነው። ስብሰባ ላይ የሚሰጡን ሦስት ደቂቃ ስለማይበቁ እዚህ ልመልስ።

«ሐዋሳ ሜዳ ናት። ሰዉ ድሮም ይነዳል። ልዩ መንገድ ለምን?»

ሜዳነቷ እውነት ነው። ከፒያሳ እስከ ፍቅር ሐይቅ የሚያስለከልክ ዳገት የለም። ታቦር ተራራ ካልወጣህ በስተቀር የሚያልብህ ፀሐዩ ነው። ብዙዎቻችን መንዳት የተማርነው በሰዓት በሚከራይ ሳይክል ነው። ጉልበታችን ላይ ያለው ጠባሳ ምስክር ነው።

ችግሩ፣ ሜዳው ለመኪናም ሜዳ ነው። ቀጥ ያለ ሰፊ አስፋልት አግኝቶ ነዳጅ የማይረግጥ ሾፌር ጥቂት ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና 30 ከሚሄደው በጥቂቱ ብቻ የሚብስ ይመስለናል። ሲመታ ግን ጉልበቱ ሦስት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የምቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ይሄ ትምህርት ቤት የተማርነው ፊዚክስ ነው። በጎኑ ይሄ ሁሉ እየበረረ ልጁን ሳይክል ላይ የሚያወጣ አባት የለም። ዳገት ፈርቶ አይደለም።

ስለዚህ ሜዳነቷን የሚያነሳ ሰው የእኛን ክርክር ነው የሚያግዝልን። ሳይክል በተፈጥሮ የተመቸላት ከተማ ሳይክል ነጂዎቿን እያባረረች ነው።

«ሳይክል የልጅና የድሃ ነው»

ሱፍ ለብሶ ፔዳል የሚመታ ሰው ካየን «ምነው፣ መኪናው ተበላሸ እንዴ?» እንላለን። እስከ 2024 እ.ኤ.አ. የኔዘርላንድስ (ሆላንድ የምንላት) ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ማርክ ሩተ ቢሮ የሚገቡት ብዙ ጊዜ በሳይክል ነበር። በዚያ አገር ከሰው ቁጥር ይልቅ የሳይክል ቁጥር ይበልጣል። ማንም ድሃ አላላቸውም።

ይሄን ስናገር ወዲያው ሌላው ይመጣል።

«እነሱማ ፈረንጆች ናቸው፤ ድሮም እንደዚያ ነበሩ»

አልነበሩም! ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ታሪኩን የሚያውቅ ሰው እምብዛም አይገጥመኝም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሆላንዶችም እንደ እኛው መኪና አማራቸው። ለመኪና ብለው ሰፈር አፈረሱ፣ አደባባዩን ሁሉ የመኪና ማቆሚያ አደረጉት። ሳይክል ነጂው በየዓመቱ እየቀነሰ ሄደ። በ1971 እ.ኤ.አ. ብቻ 3,300 ያህል ሰው በመኪና አደጋ ሞተባቸው። ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ያኔ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው አደባባይ ወጡ። መፈክራቸው ለስላሳ አልነበረም፤ «ሕፃናትን መግደል ይቁም» የሚል ነበር። መንገድ ዘግተው ልጆቻቸውን አስፋልት ላይ አጫወቱ። በ1973 የነዳጅ ቀውስ ሲመጣ ደግሞ መንግሥት እሑድ እሑድ መኪና እንዳይነዳ ከለከለ። ሰዉ ባዶ አውራ ጎዳና ላይ በእግሩና በሳይክሉ ሲንሸራሸር ዋለ።

ዛሬ ፎቶ እያየን የምንቀናበት የሳይክል መንገድ በብዛት የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ከአያት የተወረሰ ባህል ሳይሆን ተጠይቆ፣ ተለፍቶ፣ ተጨቃጭቆ የመጣ ነው። እኛም አገር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» ሲባል መንገድ ተዘግቶ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ አይተናል። በሚቀጥለው ቀን ግን መንገዱ ለመኪናው ይመለሳል።

«ፊት ለፊት የሚመጣውን መኪና እያየሁ ብነዳ ይሻለኛል»

ይሄ የእኛው የነጂዎቹ ነው። ሌላውን ብቻ መውቀስ ደስ አይልም።

እኔም አምንበት ነበር። አንድ ጠዋት መናኸሪያ አካባቢ በግራ ጠርዝ፣ ከመኪናው ፍሰት በተቃራኒ እየነዳሁ ነው። ከውስጥ መንገድ አንድ ባጃጅ ብቅ አለ። ሾፌሩ ወደ ግራው አየ፤ መኪና የሚመጣው ከዚያ ነዋ። እኔ በቀኙ ነበርኩ። ቸርኬዬ ተጣመመ፣ ክርኔ ተላጠ። እሱም ደነገጠ፣ እኔም ደነገጥኩ፣ ተሰዳደብን። ሲበርድልኝ ሳስበው ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ሒሳቡም ቀላል ነው። አንተ በሰዓት 15፣ መኪናው 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ፊት ለፊት ስትገናኙ 55 ነው። በአንድ አቅጣጫ ከሆናችሁ ልዩነታችሁ 25 ብቻ ነው፤ ሾፌሩም ፍሬን የሚይዝበት ጊዜ ያገኛል። በቀኝህ ንዳ። ማታ ደግሞ መብራት አብራ፤ የስልክ መብራት በጥርስ ነክሶ መንዳት አይቆጠርም።

«ሴት ልጅ ሳይክል ከነዳች ክብሯን ታጣለች»

ይሄን ስብሰባ ላይ ጮክ ብሎ የሚለው የለም። ቤት ውስጥ፣ በእናትና በአክስት በኩል ነው የሚነገረው። ስለዚህ በግልጽ እንነጋገር። «ድንግልና» በምርመራ የሚታወቅ የሕክምና ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ጋር ሆኖ በ2018 እ.ኤ.አ. እንዲህ ዓይነቱ ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው ተናግሯል፤ እንዲቆምም ጠይቋል። ሳይክል ላይ መቀመጥ የማንንም ክብር አይነካም።

እውነተኛው እንቅፋት ሌላ ነው። የእህቴ ልጅ ሳይክል የተወችው መንገድ ላይ በሚወረወርባት ቃል ነው። ደግሞ ጨለማው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተከፈተበት ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ጎህ ሳይቀድ የሚወጡ፣ መሽቶ የሚመለሱ ወጣት ሴቶች እጅግ በዝተዋል። መብራት ያለው የሳይክል መስመር ከማንም በላይ የሚጠቅመው እነሱን ነው።

«መንገዱ ይጠባል፤ ገበያም ይቀንሳል»

የምንጠይቀው በአንድ በኩል ሁለት ሜትር ያህል ነው። ያ ቦታ ዛሬም ቢሆን መኪና አይሄድበትም። የቆመ መኪና አለበት፣ የተከመረ አሸዋ አለበት፣ የተረፈ ኮብልስቶን አለበት። አንድ መኪና በሚቆምበት ቦታ አሥር ያህል ሳይክል ይቆማል። ባለ ባጃጆችም ጠላቶቻችን አይደሉም፤ እኛ ከፊታቸው ገለል ብንል ደስ የሚላቸው እነሱ ናቸው።

ባለ ሱቆቹን በተመለከተ፣ ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ ብሉር በሚባል የገበያ መንገድ በ2016 እ.ኤ.አ. የሳይክል መስመር ሲሠራ ነጋዴዎች ተመሳሳይ ስጋት ነበራቸው። በኋላ ሲጠና የደንበኛው ቁጥርም ወጪውም ጨምሮ ተገኘ። አይገርምም። ሳይክል የያዘ ሰው ቲማቲም ካየ ይቆማል።

«ፀሐዩስ? ዝናቡስ?»

ለዝናቡ ላስቲክ አለ፤ እዳው ገብስ ነው። ፀሐዩን ግን አላቃልለውም። መድኃኒቱ ዛፍ ነው። የሐዋሳ ትልቁ ሀብት ከሐይቁ ቀጥሎ ጥላዋ ነው። መንገድ ሲሰፋ መጀመሪያ መጥረቢያ የሚያርፍበትም እሱ ነው።

«ኤሌክትሪክ መኪና መጥቷል፤ ችግሩ ይፈታል»

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ለነዳጅ ወጪውም ለጭሱም ጥሩ ነው። ግን ኤሌክትሪክ መኪና የሚይዘው ቦታ ያው ነው፤ ከባትሪው የተነሳ እንዲያውም ይከብዳል። ድምፁም አይሰማም።

«ቀለም ከተቀባ በቃ»

በቀለም ብቻ የተሠመረ መስመር በሳምንቱ የባጃጅ ተራ ይሆናል። ሁላችንም እናውቀዋለን። በመኪናውና በሳይክሉ መካከል ጠርዝ፣ ድንጋይ ወይም የዛፍ ረድፍ ያስፈልጋል። ይሄም የእኛ የሕልም እንጀራ አይደለም። የትራንስፖርት ሚኒስቴር ከ2020 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የሚሠራ ሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቷል። የአዲስ አበባ ኮሪደርም ሲሠራ የሳይክል መስመር ከእግረኛው ጎን ተሠርቷል። ሐዋሳ ላይ ስንጠይቅ እንደ ብርቅ የሚያየን ሰው ይሄን ይወቅ።

ባለፈው ስብሰባ «ለመሆኑ ስንት ሰው ነው ሳይክል የሚነዳው?» ተባልን። መልስ አልነበረንም፤ አፈርን። ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ፒያሳ ቆመን እንቆጥራለን። ወንድ፣ ሴት፣ ተማሪ፣ ዕቃ የጫነ እያልን በየዓምዱ። ሁለት ሰው ጎድሎናል። እርሳስና ደብተር እኛ ጋ አለ፤ ኮፍያ ግን ይዛችሁ ኑ።