ራስ ማዞርና ውስጠኛው ጆሮ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አዞረኝ ካለ ደም ማነስ ወይም ግፊት ነው»

«አዞረኝ» የሚለው ቃል ብዙ ይሸከማል። ብድግ ሲሉ ዐይን ጭልም ማለቱ ከደም ግፊት መውረድ ጋር ሊያያዝ ይችላል። አልጋ ላይ ሲገላበጡ፣ ለሱጁድ ሲደፉ ወይም ቡና ለቀማ ላይ ወደ ላይኛው ቅርንጫፍ ቀና ሲሉ ዙሪያው ተሽከርክሮ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ የሚቆም ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ውስጠኛው ጆሮ ነው። በጆሮ ውስጥ ያሉ የካልሲየም ካርቦኔት ደቃቅ ጠጠሮች ከቦታቸው ተላቀው ሚዛን ጠባቂዎቹ ቱቦዎች ውስጥ ይገባሉ። ጭንቅላት ከቆመ በኋላም ጠጠሮቹ እየሰመጡ ፈሳሹን ስለሚገፉት፣ አንጎል ገና እየዞርን ነው ብሎ ይቀበላል። የደም ምርመራ ይህን አያሳይም። ባለሙያው ጭንቅላትን 45 ዲግሪ ወደ ጎን አዙሮ ቶሎ በጀርባ ያስተኛና ዐይን ሲንቀጠቀጥ ይመለከታል።

«ፊዚዮቴራፒ መታሸት ነው፤ ወጌሻም ይሠራዋል»

አንገት ቢታሽ ጠጠሩ ከቱቦው አይወጣም፤ አንገትን በኃይል መጠምዘዝ ደግሞ የደም ሥር ሊጎዳ ይችላል። ጠጠር በክኒንም አይሟሟም። በፊዚዮቴራፒ ጠጠሩን ወደ ቦታው የሚመልሰው የጭንቅላት አቀማመጥ ነው። የጆሮ ሐኪሙ ጆን ኤፕሊ በ1992 (እንደ አውሮፓውያን) ያሳተመው ዘዴ ለቀኝ ጆሮ እንዲህ ይሠራል፦ አልጋ ላይ እግር ዘርግቶ መቀመጥ፤ ሲተኙ ትከሻ ሥር እንዲውል ትራስ ከኋላ ማስቀመጥ፤ ጭንቅላትን 45 ዲግሪ ወደ ቀኝ ማዞር። በዚያው እንዳለ በጀርባ መተኛት፤ ጭንቅላት ከትራሱ ወዲያ ወደ ኋላ ዘንበል ይላል። ማዞሩ እስኪያበቃ፣ ቢያንስ 30 ሰከንድ መጠበቅ። ጭንቅላትን ቀና ሳያደርጉ 90 ዲግሪ ወደ ግራ፤ እንደገና መጠበቅ። ከዚያ በግራ ጎን ተገልብጦ አፍንጫን ወደ ወለሉ ማድረግ፤ አሁንም መጠበቅ። በመጨረሻ አገጭን ደረት ላይ እንዳስጠጉ ቀስ ብሎ መነሳት። ሲነሱ ድንገት ሊወረውር ስለሚችል አጠገብ የሚይዝ ሰው ይኑር።

ካልሠራ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የታወቀ ነው፦ ያልታመመው ጆሮ ተመርጧል፣ በመካከል ጭንቅላት ተነስቷል፣ በጥድፊያ ተሠርቷል፣ ወይም ጠጠሩ ሌላ ቱቦ ውስጥ ነው፤ ያኔ ዘዴውም ሌላ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጊዜ ባለሙያ ቢሠራው ይሻላል፤ የአንገት አጥንት ችግር ላለበት ሰው ደግሞ ግዴታ ነው። ከዚያ በኋላ ተቀምጦ ማደር አያስፈልግም።

«እስኪተወኝ ልተኛ፣ ክኒኔን ልዋጥ»

ከጠጠሩ ሌላ፣ የሚዛን ነርቭ ሲቆጣ ማዞሩ ያለ እረፍት ለቀናት ይቆያል። ሲናሪዚንና መሰሎቹ የማዞር ክኒኖች ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ያስታግሳሉ፤ ለሳምንታት ሲወሰዱ ግን አንጎል ራሱን እንዳያስተካክል ያዘገያሉ። አንጎል የሚማረው ከስህተቱ ነው፤ ስህተቱን የሚያየው ደግሞ ስንንቀሳቀስ ነው።

ወረቀት ላይ «ሀ» ጽፈው በዐይን ትክክል፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። ዐይንዎን ከፊደሉ ሳይነቅሉ ጭንቅላትዎን ለአንድ ደቂቃ ወደ ግራና ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ላይና ታች ያወዛውዙ፤ በቀን ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ። ፊደሉ ከደበዘዘ ፍጥነት ይቀንሱ። ምንም ካላዞረዎት ግን እየለገሙ ነው። ትንሽ ማዞሩ ልምምዱ እየሠራ መሆኑን ያሳያል፤ ማዞሩ ከ20 ደቂቃ በላይ ከቆየ ግን የልምምዱ መጠን በዝቷል። ተቀምጦ የለመደ ቆሞ፣ ቀጥሎም እየተራመደ ይሞክር።

ንግግር ከተኮላተፈ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ፊት ወይም እጅ ከዛለ፣ ሳይደገፉ መቆም ካቃተ ወይም ጆሮ ድንገት ከደነቆረ ይህ ሁሉ ቀርቶ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

«ቀን ደህና ነኝ፤ ድኛለሁ»

ሚዛን በጆሮ፣ በዐይንና በእግር ስሜት ይቆማል። ጅማ ክረምት ላይ ሲመሽ ዐይን በጨለማው፣ እግር በጭቃው ይታለላል፤ ያኔ የቀረው ጆሮ ብቻ ነው። ስለዚህ የግድግዳ ጥግ ላይ ጀርባ ሰጥተው፣ ፊት ለፊት ወንበር አኑረው፣ የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ እግር ገጥመው 30 ሰከንድ ይቁሙ፤ ሲጸኑ ዐይን ጨፍነው።

«ቡና ካቆምኩ ይተወኛል»

ጅማ ላይ ቡና ተው ማለት ቀላል ትእዛዝ አይደለም፤ ለጠጠሩም አይጠቅምም። ጆሮ እየጮኸና እየተደፈነ፣ መስማት እየቀነሰ ለሰዓታት በሚያዞረው የሜኒየር በሽታ ግን ጨው መቀነስ የተለመደ ምክር ነው፤ ቡናው ከሰው ሰው ይለያያል። በዚህ በሽታ ማዞሩ በተነሳበት ሰዓት ልምምድ አይሠራም።