ልቡ ጤነኛ ነው ማለት አላመመውም ማለት አይደለም

በጭንቀት ስለሚመጣ የልጆች የደረት ህመም ሰሞኑን ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁ ባጭሩ ልበል። ልጁ ደረቴን አመመኝ ይላል፣ ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ይነሳል፣ ምንም የለም፣ ሐኪሙ «ጭንቀት ሊሆን ይችላል» ይላል፣ ከዛ ቤት ሲገባ «እያስመሰለ ነው» ተብሎ ይቆጡታል። ኧረ አይደለም! ልጁ አልዋሸም፣ የእውነት እያመመው ነው። ሲጨነቅ የደረቱ ጡንቻ ይወጠራል፣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ልቡ ድው ድው ይላል፣ ያ ይወጋዋል፣ ሲወጋው ደግሞ የባሰ ይፈራል። ለምሳሌ የ10 ዓመት ልጅ እሁድ ማታና የፈተና ቀን ጠዋት ደረቱን ይዞ የሚቀመጥ፣ ቅዳሜ ግን ሰፈር ኳስ ሲያባርር ውሎ ምንም የማይለው ከሆነ ትምህርት ቤት ምን እንደገጠመው ቀስ ብላችሁ አውሩት፣ እንደ መርማሪ ማፋጠጥ ግን አይሰራም።

እርግጠኛው ነገር፣ በልጆች ላይ ከልብ የሚመጣ የደረት ህመም ጥቂት ነው፣ የሚበዛው ጡንቻ፣ ሳል፣ አስም፣ ቃር ምናምን ነው። ከጭንቀት ሲሆን ከልጅ ወደ ልጅ የሚለያየው መፍትሄው ነው፣ አንዱ «ልብህ ደህና ነው» ሲባል ይተወዋል፣ ሌላው ካውንስሊንግ (የባለሙያ ምክር) ይፈልጋል።

ሲሮጥ የሚያመው ወይ ራሱን የሚስት ከሆነ፣ ወይም ቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ሰው ካለ ግን ጭንቀት ነው ብላችሁ እንዳትቀመጡ፣ ቶሎ ሐኪም ጋ ውሰዱት።