የሳሎን ስቲከር፦ «ይነሳል» ሲሏችሁ ምን ማለታቸው ነው?

በኪራይ እኖርበት በነበረ ቤት ሳሎን ውስጥ ትልቅ የዛፍ ስቲከር ለጥፌ ነበር። ሻጩ «ይነሳል፤ ቤት ስትቀይሪ ይዘሽው ትሄጃለሽ» ብሎኛል። ቤቱን ስለቅ ግንዱ ቀለሙን ይዞ ተላጠ። ቅርንጫፎቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ድቡልቡል ሆኑ። አከራዬ ደግ ሴት ነበሩ፤ ቢሆንም ግድግዳውን አስቀብቼ ነው የወጣሁት። ከዚያ ወዲህ ስቲከር ልገዛ ነው የሚለኝን ሰው ሁሉ አስቆማለሁ። ብዙዎቻችን የምናምናቸው ነገሮች ትክክል አይደሉምና።

«የሚነሳ ሁሉ ተመልሶ ይለጠፋል»

አይለጠፍም። እኔን ያሳተኝም ይኸው ነው። ዓይነቱ ሁለት ሳይሆን ሦስት ነው። ቋሚው ጠንካራ ሙጫ አለው። ተነቃዩ ሙጫው ለስለስ ስለሚል ሲፈለግ ይላቀቃል፤ ግን አገልግሎቱ አንድ ጊዜ ነው። ሲነሳ ስሱ ፕላስቲክ ይለጠጣል፣ ሙጫውም የግድግዳውን አቧራ ለብሶ ይመጣል። ሦስተኛው ተነስቶ ተመልሶ የሚለጠፈው ነው። ይህኛው ብዙ ጊዜ ከፖሊስተር ጨርቅ የሚሠራ ነው። በእጅ ሲዳሰስ ጨርቅነቱ ይታወቃል፤ ሲስቡትም እንደ ፕላስቲኩ አይለጠጥም።

ስቲከር የሚቆርጡ ሰዎች በደንብ የሚያውቁትን የጀርመኑን የስቲከር ፕላስቲክ፣ ኦራካልን፣ እንውሰድ። 631 የሚባለው ተነቃይ ነው፤ አያብረቀርቅም፣ ለቤት ውስጥ ግድግዳም ይመረጣል። 651 ደግሞ ቋሚ ነው፤ አብዛኛው ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ለውጭ ማስታወቂያና ለመኪና ይሆናል። ሁለቱም ግን አንዴ ከተነሱ አበቃ። ስለዚህ ሻጩን «ይነሳል ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። «አንስቼ መልሼ ልለጥፈው እችላለሁ ወይ?» በሉት።

«ቋሚ ከሆነ ዕድሜ ልክ አይነሳም»

ይነሳል፤ ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ። በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አድርጉት። ከጥግ ጀምራችሁ ወደ ራሱ እያጠፋችሁ፣ ግድግዳውን ታክኮ እንዲሄድ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ወደ እናንተ መንጨት ነው ቀለሙን የሚገነጥለው። የቀረውን ሙጫ በምግብ ዘይት ማራስ የሚሠራው ሴራሚክና መስታወት ላይ ነው። የውሃ ቀለም ላይ ዘይት እድፍ ይተዋል፤ እዚያ ለብ ያለ የሳሙና ውሃ ይሻላል።

«ተነቃይ ስቲከር ግድግዳ አይጎዳም»

ይህን የሚወስነው ከስቲከሩ ይልቅ ቀለሙ ነው። ስቲከሩ ቀለሙን ይዟል፣ ቀለሙ ደግሞ ግድግዳውን። ስትስቡ ደካማው ይለቃል። ግድግዳውን በመዳፋችሁ እሹት። እንደ ኖራ ነጭ ዱቄት እጃችሁ ላይ ከቀረ፣ የትኛውም ዓይነት አይሆንም። ወይ በሳምንቱ ይወድቃል፣ ወይ ሲነሳ ልጦ ይመጣል። እጃችሁ ንጹሕ ከሆነም ከሶፋው ጀርባ፣ በማይታይ ቦታ፣ ስኮች ለጥፉና በማግሥቱ አንሱት። ስኮቹ ቀለም ይዞ ከመጣ ስቲከሩም ያንኑ ያደርጋል።

ሌላም አለ። ቡና የሚቆላበት፣ ዕጣን የሚጨስበት ሳሎን ግድግዳው ቀስ በቀስ ይጠይማል። በየቀኑ ስለምናየው አናስተውለውም። ከስቲከሩ ሥር ያለው ግን እንደ ተቀባ ይቆያል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ስታነሱት ቀለሙ ባይላጥም የዛፉ ቅርጽ ፈክቶ ይቀራል። ከረከቦቱ ማዶ ያለውን ግድግዳ ምረጡ። ከመለጠፋችሁ በፊትም ጭሱ የተወውን ቅባት በሳሙና ውሃ ጠርጉና አድርቁት።

«ቀለም በተቀባ ማግሥት ቢለጠፍ ያምራል»

ጳጉሜን ላይ ቤቱን ቀብተን ለእንቁጣጣሽ የአደይ አበባ ስቲከር መለጠፍ ያምረናል። የውሃ ቀለም ግን ሲነካ ደረቀ ማለት ጠነከረ ማለት አይደለም። ከውስጥ ያለው እርጥበት ወጥቶ እስኪያልቅ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል፤ በክረምት አየር ደግሞ ይዘገያል። ከዚያ በፊት ከለጠፋችሁ ወይ ጥጉ ይነሳል፣ ወይ ቀለሙ ላይ ከሚገባው በላይ ይነክሳል። ለበዓል ካሰባችሁ ከሐምሌ መጨረሻ አስቀቡ። ካልደረሰላችሁ አበባውን መስኮቱ ላይ ለጥፉት፤ ብርሃን ሲገባበት እንዲያውም ያምራል።

«ሻካራ ግድግዳ ቋሚ ይፈልጋል»

የሙጫ ኃይል እዚህ ብዙም አያግዝም። ግድግዳው ጎርባጣ ከሆነ ስቲከሩ የሚነካው ጫፍ ጫፉን ብቻ ነው፣ በቀላሉም ይወድቃል። ልሙጥ ካልሆነ ክፈፍ ያለው ሥዕል ስቀሉ።

«ቋሚው አይደበዝዝም»

የሚያደበዝዘው ፀሐይ ነው። ሙጫው አይመለከተውም፤ ጉዳዩ የፕላስቲኩና የኅትመት ቀለሙ ነው።

«የራሴ ቤት ስለሆነ ቋሚው ያዋጣኛል»

እኔ አልስማማም። የራሳችሁም ቤት ቢሆን ዓይን ይሰለቻል፤ ቀለምም ትቀይራላችሁ። ሳሎን ግድግዳ ላይ ረጅም ጊዜ እንዲቆይ ለምትፈልጉት ተነቃዩ ይበቃል። ቋሚውን ለሴራሚክ፣ ለመስታወትና ለቁም ሣጥን በር ተዉት። ለተከራይ፣ ልጅ ላለበት ቤትና በየበዓሉ ለሚቀያይር ሰው ግን ጨርቅ መሰሉን እመርጣለሁ፣ ዋጋው ቢጨምርም። ከገዛችሁት ከጀርባው ያለውን የሚያንሸራትት ወረቀት እንዳትጥሉ። ስታነሱት እሱ ላይ መልሳችሁ ለጥፉና ሳታጥፉ በጠፍጣፋው አስቀምጡት። ወረቀቱ ከጠፋ ሰም መሰል የኬክ መጋገሪያ ወረቀት ይተካዋል።