ጎርፍ የሚይዝ መናፈሻ በባሕር ዳር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በክረምት የዝናብ ጎርፍን ለጊዜው የሚያቆር፣ በቀረው ጊዜ ሁሉም ሰው የሚዝናናበት መናፈሻ ለባሕር ዳር ዓይነት ሜዳማ ከተማ እጅግ ይስማማል። ሆኖም ሐሳቡ ሲነሳ የሚሰነዘሩ፣ ዲዛይኑንም የሚያበላሹ አመለካከቶች አሉ።

«ጣና አጠገባችን እያለ ውሃ ማቆር ለምን? በቱቦ ወደ ሐይቁ መልቀቅ ነው።»

ከአስፋልትና ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደው ጎርፍ ደለል፣ የመኪና ዘይትና ፕላስቲክ ይዞ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ የታየው እምቦጭ የተባለው አረምም የሚፋፋው እንዲህ ያለ ጎርፍ ይዞት የሚገባው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በበዛበት ውሃ ነው። በዚያ ላይ ሐይቁ ከፍ የሚለው በክረምቱ ማብቂያ ስለሆነ፣ ያን ጊዜ ቱቦው የሚወርድበት ተዳፋት ያንሳል። አንድ ሄክታር ሜዳ ግማሽ ሜትር ውሃ ሲይዝ ግን 5,000 ሜትር ኩብ ያቆራል፤ ይህም በ10 ሄክታር ጣሪያና አስፋልት ላይ የወረደ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት ነው።

«የወባ ትንኝ መፈልፈያ ይሆናል።»

ስጋቱ ተገቢ ነው። ይሁንና የወባ ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ ክንፍ እስክታወጣ አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንት በላይ ስለሚፈጅባት፣ ውሃው በሁለት ወይም በሦስት ቀን ተንጠፍጥፎ የሚያልቅበት ማቆሪያ አያራባትም። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ስለሚደጋገም፣ ጥቁር አፈርም አንዴ ከራሰ ውሃ ለማስረግ ስለሚዘገይ፣ ወለሉ ወደ መውጫው ማዘንበልና ከክረምቱ የከርሰ ምድር ውሃ ከፍታ በላይ መሆን አለበት። ለሐይቁ እጅግ የቀረበ ቦታ በዚህ ምክንያት ብቻ ሊጣል ይገባዋል።

«መግቢያው ላይ ራምፕ ካለ ለአካል ጉዳተኞች ይበቃል።»

ከሁሉም የሚጎዳው አመለካከት ይህ ነው። ማቆሪያ ጎድጓዳ ስለሆነ፣ ማን ይገባል ማን ይቀራል የሚለው የሚወሰነው በሩ ላይ ሳይሆን ቁልቁለቱ ሲሰመር ነው። የመንገዱ ቁልቁለት ከ1 ለ20 ባይበልጥ ይመረጣል፤ 1 ለ12 ከሆነ የእጅ መደገፊያና ማረፊያ ያስፈልገዋል። በ1 ለ20 አንድ ሜትር ለመውረድ 20 ሜትር መንገድ ይጠይቃል፤ ይህን ቦታ ለመቆጠብ ጎኑን ገደል ማድረግ ዊልቸር ተጠቃሚውንም ምርኩዝ የያዙትን አዛውንትም ከዳር ያስቀራል። የመንገዱ የጎን ዝንባሌ ከመቶ 2 ካለፈ ዊልቸሩ ወደ ጉድጓዱ ይጎተታል፣ ተቀማጩም በአንድ እጁ ሲታገል ይደክማል። የቦይ መሸፈኛው ብረት ክፍተት ከ13 ሚሊ ሜትር ከሰፋ የፊት ጎማው ይሰነቀራል። ነጭ በትር ለሚይዝ ሰው ደግሞ በበትር የሚነካ ከፍ ያለ ጠርዝና በእግር የሚለይ ንጣፍ ያስፈልጋል፤ በሣር ላይ የተኛ ውሃ ድምፅ የለውምና።

«ኮብልስቶን ውሃ ስለሚያሰርግ ለመንገዱ ይሻላል።»

ለመኪና ማቆሚያው ይሁን፤ ዊልቸርና ክራንች ለሚሄድበት ግን ለስላሳ፣ የማያንሸራትት ኮንክሪት ነው የሚበጀው።

«በክረምት መዘጋቱ አይቀርም።»

ዋናው መንገድ፣ አግዳሚ ወንበሮቹና መጸዳጃ ቤቱ ከከፍተኛው የውሃ መጠን በላይ ከተሠሩ የሚዋጠው የታችኛው ሜዳ ብቻ ነው። በውሃው መግቢያ ላይ የሚሠራው የደለል ማጠራቀሚያ በየዓመቱ ግንቦት ላይ መጠረግ፣ ጎርፉ በመንገዱ ላይ የተወው ጭቃም ሳይደርቅ መታጠብ አለበት፤ በክራንች የሚሄድ ሰው የሚወድቀው እዚያ ጭቃ ላይ ነው።