የመሪ ኩሽኔታ እና ማጥበቅ የማይፈታው ችግር

ባሕር ዳር ላይ ብስክሌት እየጠገንኩ በኖርኩባቸው ዓመታት «መሪው መሀል ላይ ይይዛል፤ እስቲ ጠበቅ አድርግልኝ» የሚለውን ያህል ያሰለቸኝ አባባል የለም። ብዙውን ጊዜ ብስክሌቱ እኔ ዘንድ የሚደርሰው ሌላ ቦታ ሁለት ሦስት ጊዜ ከጠበቀና ጉዳቱ ከባሰ በኋላ ነው።

የላላ መሪ አይዝም፤ ይንኳኳል። መሀል ላይ የሚይዝ መሪ ሌላ በሽታ አለበት። ባለ 26 ኢንች ጎማ አንድ ኪሎ ሜትር ሲሄድ 480 ጊዜ ያህል ስለሚዞር በውስጡ ያሉት የኩሽኔታ ብዮች (ትናንሽ የብረት ኳሶች) ቦታቸውን ያለማቋረጥ ይለዋውጣሉ፤ የፊት ሹካው አንገት የሚዞርበት የመሪው ኩሽኔታ ብዮች ግን ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ቀኑን ሙሉ ከአንድ ቦታ ንቅንቅ አይሉም። ኮብልስቶን ላይ ሲኬድ የፊት ሹካው በመጠኑ እየተለመጠ ብዮቹን በዚያው ባሉበት ያንቀጠቅጣቸዋል፣ በመካከል ያለው ግራሶ ተገፍቶ ይወጣል፣ ብረት ከብረት ይፋተጋል፤ በመጨረሻም ብዮቹ በተቀመጡባቸው ሳህኖች ላይ፣ በተለይም በታችኛው በኩል፣ የሰሊጥ ፍሬ የሚያህሉ ጉድጓዶች ይፈጠራሉ። መሪው ቀጥ ሲል ብዮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ በየጉድጓዳቸው ይወድቃሉ፤ «ያዘኝ» የሚባለውም ይኸው ነው። ይህን ማጥበቅ ብዮቹን ወደ ጉድጓዱ አብልጦ መጫን ነው።

ከዚህ የሚወለደው ሁለተኛው ስሕተት «ብዮቹን ብቻ ቀይርልኝ» የሚለው ነው። ባለፈው ክረምት አንድ መምህር በሁለት ወር ውስጥ ብዮቹ ሁለት ጊዜ የተቀየሩለትን ብስክሌት ይዘው መጡ። የታችኛውን ሳህን በጨርቅ ጠርጌ ሰጠኋቸውና ጥፍራቸውን በዙሪያው እንዲያስኬዱበት ጠየቅኋቸው፤ ጥፍራቸው በየጉድጓዱ እየተሰነቀረ ሲቆም «ለካ የተበላው ይሄ ነው» አሉ። ብዮቹ አዲስ ነበሩ፤ ሳህኑ ግን አሮጌው ነበር። ሙሉው ዕቃ፣ ማለትም ላይኛውም ታችኛውም ሳህን በሹካው አንገት ግርጌ ከሚገባው ቀለበት ጋር፣ አብሮ መቀየር አለበት። በቤት (በብረት ማቀፊያ) የተያያዙትን ብዮች አውጥቶ በልቅ ብዮች መሙላት ቁጥራቸው ስለሚጨምር በአሮጌው ጉድጓድ ላይ እኩል እንዳይወድቁ ያደርጋል፤ እኔም ዕቃ ሲጠፋ አድርጌዋለሁ፤ ነገር ግን ለጥቂት ጊዜ ማስታገሻ እንጂ ጥገና አይደለም።

«ኩሽኔታ ሁሉ አንድ ነው» የሚሉም አሉ። አንገቱ የአንድ ኢንች ውፍረትና ለፍሬ ማጥበቂያ የተቆረጠ ጥርስ ባለው ሹካ ላይ ቀለበቱ የሚቀመጥበት ቦታ በአንዱ ብስክሌት 26.4፣ በሌላው 27 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጠባቡን ቀለበት በሰፊው ላይ በመዶሻ ማስገባት ይሰነጥቀዋል፣ ሰፊው በጠባቡ ላይ ሲገባ ደግሞ ይንቀጫቀጫል። ዝግ በሆኑት (ብዮቹ በውስጣቸው በታሸጉት) ኩሽኔታዎች ላይ የጠርዛቸውን ዝንባሌ የሚገልጽ 36 ወይም 45 የሚል የዲግሪ ቁጥር ስለሚጻፍ አሮጌውን ሳይጥሉ ይዞ መሄድ ይገባል።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት ግራሶን አይተካም። በኃይለኛ ውኃ ማጠብም ኩሽኔታን አያጸዳም፤ ግራሶውን አጥቦ ዝገት ያስገባል።

የፊት ፍሬን ይዞ ብስክሌቱን ወደፊትና ወደኋላ ማወዛወዝ ብቻውን አያስተማምንም፤ የፍሬኑ ጫማ ወይም የጎማው ኩሽኔታ ላልቶም ሊንኳኳ ይችላል። ስለዚህ የፊት ጎማውን ወደ ጎን አዙረው ያወዛውዙት፤ ጣትዎንም በታችኛው ሳህንና በሹካው መገናኛ ላይ ያኑሩ። እንቅስቃሴው እዚያ ከተሰማዎት መሪው ላልቷል። ጥርስ በሌለው ሹካ ላይ የላይኛው ክዳን ብሎን ሹካውን የሚይዝ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ እርሱ የኩሽኔታውን ክፍተት ያስተካክላል እንጂ አይይዝም። መጀመሪያ በመሪው አንገት ጎን ያሉትን ብሎኖች ያላሉ፣ ከዚያ ክዳኑን መንኳኳቱ እስኪጠፋ ብቻ ያጠብቃሉ፣ በመጨረሻ የጎኖቹን ብሎኖች ጎማውን ከመሪው ጋር አቅንተው ይቆልፋሉ። የፊት ጎማውን ከመሬት ሲያነሱት መሪው በራሱ ክብደት ወደ ጎን ካልወደቀ ከልክ በላይ ጠብቋል፤ ያላሉት። አዲስ የተገጠመ ዕቃ ቦታውን ስለሚይዝ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ጉዞ በኋላ በዚሁ መንገድ እንደገና ይፈትሹት።