ስለ መጠጥና ስለ ትምህርት ውጤት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኮሌጅ ውስጥ ስለ መጠጥ ከአፍ ወደ አፍ የሚዞሩ አባባሎች ብዙ ናቸው። ሁሉም ዓይን ያወጣ ሐሰት ቢሆኑ ማረም ቀላል ነበር፤ የሚያስቸግረው አብዛኞቹ ትንሽ እውነት ስላላቸው ነው። ተማሪን በማስፈራራት ብቻ ከመጠጥ ማራቅ ይቻላል ብዬ አላምንም። አልኮል ጭንቅላቱና እንቅልፉ ላይ ምን እንደሚሠራ የተረዳ ተማሪ ግን ለራሱ ማሰብ ይችላል። ከሁሉም በላይ ሊታወቅ የሚገባው፣ ውጤት በአብዛኛው የሚበላሸው ስካሩ ካለፈ በኋላ ባሉት ሰዓታትና ቀናት መሆኑ ነው።

«ተኝቼ ስነሣ ይወጣልኛል»

ጉበት በራሱ ፍጥነት ነው የሚሠራው። በደም ውስጥ ያለው የአልኮል መጠን በአማካይ በሰዓት 0.015 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ፍጥነቱ ከሰው ሰው ቢለያይም በእንቅልፍም፣ በቡናም፣ በቀዝቃዛ ሻወርም አይጨምርም።

እስቲ እናስላው። አንድ ተማሪ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ መጠጣት ሲያቆም ደሙ ውስጥ 0.15 በመቶ አልኮል አለ እንበል። ጠዋት 2 ሰዓት ክላስ ሲገባ 8 ሰዓት አልፏል፤ 0.12 ቀንሶ 0.03 ቀርቷል። ታጥቧል፣ ልብስ ቀይሯል፣ ቡናውን ጠጥቷል፣ ደብተሩን ዘርግቶ ከፊት ተቀምጧል። ደሙ ውስጥ ግን የማታው መጠጥ ገና አላለቀም። የሚያልቀው ረፋድ 4 ሰዓት አካባቢ ነው። ሀንጎቨር፣ ማለትም ከመጠጥ በኋላ የሚመጣው ራስ ምታትና ድካም፣ ደግሞ የሚበረታው አልኮሉ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን ክላስ በተረፈው ስካር፣ ሁለተኛውን ራስ ምታት እየፈለጠው ይከታተላል ማለት ነው። ቡናው ድካሙን ይሸፍንለታል እንጂ ከአልኮሉ ምንም አይቀንስለትም።

አልኮሉ ጨርሶ ከወጣ በኋላስ? ቀደም ያሉ ጥናቶችን ሰብስቦ በ2018 የታተመ ግምገማ፣ ሀንጎቨር ላይ ያሉ ሰዎች ለረጅም ጊዜ ትኩረት የመያዝና የማስታወስ ችሎታቸው ቀንሶ እንደሚገኝ አሳይቷል። ሌክቸር ማዳመጥ ደግሞ ከእነዚህ ከሁለቱ ውጭ አይሆንም።

«ሲጠጡ ጥሩ እንቅልፍ ይወስዳል»

ቶሎ እንደሚወስድ እውነት ነው። ጥሩ መሆኑ ላይ ነው ስህተቱ። አልኮል በሌሊቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ሕልም የምናይበትን የእንቅልፍ ክፍል ያሳጥራል። ከደም እየወጣ ሲሄድ ደግሞ ሁለተኛው አጋማሽ ይቆራረጣል፤ ሰውየው ይገላበጣል፣ ያልበዋል፣ ሽንት ይቀሰቅሰዋል። ቀን የተማርነውን አእምሯችን አደላድሎ የሚያስቀምጠው በእንቅልፍ ጊዜ ስለሆነ፣ ከእንዲህ ዓይነት ሌሊት በኋላ 8 ሰዓት አልጋ ላይ ቆይቻለሁ ማለት ብዙም ዋጋ የለውም።

«ጥናት እንኳ ችግር የለውም ብሏል»

ይህን የሚል ተማሪ አልዋሸም። በ2010 በወጣ የአሜሪካ ጥናት ላይ ተማሪዎች በተመራማሪዎች ክትትል ሥር የደማቸው አልኮል 0.12 በመቶ ገደማ እስኪደርስ እንዲጠጡ ተደርጎ በማግስቱ ተፈተኑ። የፈተና ውጤታቸው አልኮል የሌለበት መጠጥ ከተሰጣቸው ጊዜ የሚለይ ሆኖ አልተገኘም። ይህን መደበቅ ተገቢ አይመስለኝም፤ የተደበቀ እውነት ሲገኝ የቀረውን ምክር ሁሉ ዋጋ ያሳጣል።

ግን ሙሉውን እንውሰደው። እነዚያው ተማሪዎች በማግስቱ ትኩረታቸውና ምላሽ የመስጠት ፍጥነታቸው ተዳክሞ፣ ስሜታቸውም ተበላሽቶ ነበር። የተለካውም የአንድ ምሽት መጠጥና የአንድ ቀን ፈተና ነው። ኮሌጅ የሚያልፈው ግን በሴሚስተር ነው። አርብ ማታ የጠጣ ተማሪ ቅዳሜን ተኝቶ ይውላል፤ ቅዳሜ የሚጀመረው አሳይመንት ለእሑድ ማታ ይተላለፋል፤ ሰኞ እንቅልፍ ሳይጠግብ ይገባል፤ የሰኞውን ያልተከታተለ የረቡዑ አይገባውም። ይህን የትኛውም የአንድ ቀን ሙከራ አይለካውም። በአሜሪካ ከአራት የኮሌጅ ተማሪዎች አንዱ ያህል በመጠጥ ምክንያት ክላስ እንደቀረ፣ ትምህርት ላይ ወደኋላ እንደቀረ ወይም ውጤቱ እንደቀነሰ ራሱ ይናገራል።

«ሰቃይ ተማሪን አይነካውም»

ብዙ ሰው፣ መምህራንም ጭምር፣ መጠጥ የሚጥለው ድሮም ደካማ የነበረውን ነው ብሎ ያስባል። በእርግጥ የሚጠጡትን ከማይጠጡት ጋር ዝም ብሎ ማወዳደር አያስተማምንም፤ የሚጠጣው ከመጀመሪያውም ለትምህርት ግድ የሌለው ሊሆን ይችላል። በ2011 የታተመ አንድ የኢኮኖሚስቶች ጥናት ይህን ጥርጣሬ ለማለፍ ጥሩ መንገድ አገኘ። በአሜሪካ አየር ኃይል አካዳሚ ዲሲፕሊኑ ጥብቅ ነው፤ በሕግ መጠጣት የሚፈቀደውም 21 ዓመት ሲሞላ ነው። ተመራማሪዎቹ 21 ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸውንና ገና የሞላቸውን ተማሪዎች የፈተና ውጤት አነጻጸሩ። በዕድሜ ብዙም አይለያዩም፤ ሌላው ነገራቸው ተመሳሳይ ነው። መጠጥ የተፈቀደላቸው ውጤታቸው ቀንሶ ተገኘ። ይበልጥ የቀነሰባቸው ደግሞ ጎበዞቹ ናቸው።

ይህ ግኝት ልብ ሊባል ይገባል። ከ«ኤ» ወደ «ቢ» የወረደ ተማሪ ስላልወደቀ ማንም አይመክረውም፤ እሱም ራሱ ፈተናው ከብዶ ነው ይላል።

«ቢራ መጠጥ አይባልም»

5 በመቶ አልኮል ያለው የ330 ሚሊሊትር ቢራ ወደ 13 ግራም ንጹህ አልኮል ይዟል። 40 ሚሊሊትር ባለ 40 በመቶ አረቄም ያንኑ ያህል ይይዛል። ጉበት ልዩነታቸውን አያውቅም።

«እኔን አይዘኝም»

በልማድ ብዛት የሚቀንሰው የስካሩ ስሜት ነው። በደም ውስጥ ያለው መጠን ሌላው ሰው ላይ ካለው ያን ያህል አይለይም፤ እንቅልፉንም ይረብሻል። እንዲያውም ስሜቱ ስለማይነግረው ከሌሎቹ ይበልጥ የሚጠጣው እሱ ነው።

«ትዝ የማይለኝ ራሴን ስቼ ስለነበር ነው»

ራስን መሳትና ብላክ አውት የተለያዩ ናቸው። ብላክ አውት ላይ ያለ ሰው ይራመዳል፣ ያወራል፣ ሒሳብ ይከፍላል፣ ስልክ ይደውላል። ሂፖካምፐስ የሚባለው አዲስ ትውስታ የሚመዘግብ የአእምሮ ክፍል ግን ሥራ አቁሟል። ስለዚህ ሌሊቱ አልተረሳም፤ ከነጭራሹ አልተመዘገበም። በኋላ ቢያስቡት፣ ጓደኛ ቢያስታውስም አይመለስም። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በባዶ ሆድ ወይም በፍጥነት ሲጠጣ፣ በደሙ ውስጥ ያለው የአልኮል መጠን ባንዴ ሲጨምር ነው። ይህ የደረሰበት ተማሪ በማግስቱ በጨዋታ ሊያልፈው አይገባም፤ የሚያጠናበት ያው የአእምሮ ክፍል ነው።

«የማይጠጣ የለም»

በ1986 ዌስሊ ፐርኪንስና አለን በርኮዊትዝ የተባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎች ጓደኞቻቸው ስለ መጠጥ ያላቸውን አመለካከት ከእውነታው በላይ ልቅ አድርገው እንደሚገምቱ አሳዩ። ከዚያ በኋላም በብዙ ኮሌጆች ተማሪዎች የሌሎችን የመጠጥ መጠን አጋነው እንደሚገምቱ ታይቷል። ምክንያቱ አያስቸግርም፤ ሰክሮ የጮኸው ኮሪደሩን ሁሉ ይቀሰቅሳል፣ ቤተ መጻሕፍት ያመሸውን ግን ማንም አላየውም። አንድ ተማሪ «እንደሰው ለመሆን» ብሎ ሲጠጣ፣ የሚከተለው በሐሳቡ የፈጠረውን ብዙኃን ሊሆን ይችላል።

«የፈተና ጭንቀት ያቀላል»

ለአንድ ሁለት ሰዓት አዎን ያቀላል። አልኮል አእምሮን የሚያረጋጋውን ሥርዓት ያጠናክራል፣ የሚያነቃውን ይጫናል። ሲወጣ ግን የተጫነው ተመልሶ ይነሣል፤ ሰውየው ከመጠጣቱ በፊት ከነበረው በባሰ ጭንቀት ልቡ እየመታ ይነቃል። ያንን ለማብረድ ደግሞ ይጠጣል። ጭንቀት ይዞት የሚጠጣ ተማሪ የጭንቀቱን ሕክምና ነው የሚያስፈልገው፤ የተማሪዎች ክሊኒክ ወይም አማካሪ ጋር ሄዶ ሁለቱንም አንድ ላይ ቢናገር ይሻላል። ጠዋት ሳይጠጣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያልበው ከሆነ ደግሞ ብቻውን ባንዴ ለማቆም አይሞክር። አልኮል የለመደ ሰውነት በድንገት ሲከለከል እስከ መንዘፍዘፍና መሳት ሊያደርስ ስለሚችል፣ ማቆሙ በሐኪም ክትትል ይሁን።